ባለካባው ሁለት እስኪወጣ

ጌም ቤቴን ከዘጋሁ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዝም ብሎ ሰላም ብሎኝ የሚያልፍ ሰው ጠፍቷል። ሁሉም አቁሞ ይጠይቀኛል፤ «እትዬ ዘሀራ፣ ሁለተኛው መቼ ነው የሚወጣው?» ባጃጅ ነጂው ይጠይቃል፣ ሽንኩርት ጫኙ ይጠይቃል፤ ባለፈው ደግሞ ስኳሬን ልለካ ጤና ጣቢያ ብሄድ መርፌ ይዞ የቆመው ልጅ ጣቴን እንደጨበጠ ጠየቀኝ። ወላሂ፣ ጨዋታውን የምሠራው እኔ እመስላቸዋለሁ! «እኔ ምን አውቄ? ሠሪዎቹ ያሉት ባሕር ማዶ፣ እኔ ያለሁት ሮቢ ወንዝ ዳር» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ። «አንቱ ያውቃሉ፣ ደብቀውን ነው እንጂ» ይሉኛል።

አይፈረድባቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረንጅ አፍ ስገለብጥላቸው ነው የኖርኩት፤ መጀመሪያ በቪዲዮ ቤት፣ በኋላ በጌም ቤት። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ማይክ ይዤ በአማርኛ እናገራለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነበር። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ወጣቱም ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል። የሚመጣው ጨዋታ ደግሞ በአማርኛ ጽሑፍ ይኖረዋል ተብሎ ተወርቷል። ስክሪኑ ራሱ አማርኛ ካወቀ እኔ ምን ልሠራ? ዘጋሁና ቤቴ ተቀመጥኩ። ተቀምጦ ዝም ማለት ግን አልተማርኩም፤ እስቲ ላውራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ቲኬት ቆራጭ ሆኜ ነው፤ በሐጂ ኡመር ቪዲዮ ቤት። ሐጂ ፊልም የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። ቤቱን ከፍተው፣ ቴሌቪዥን ገዝተው፣ ጀነሬተር አቁመው ሲያበቁ ራሳቸው ደጅ ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ይውላሉ። «ሐጂ፣ ሐራም ከሆነ ለምን ከፈቱት?» ሲሏቸው «እኔ ምን አየሁ? እኔ የማከራየው አግዳሚ ወንበር ነው!» ይላሉ። ደመወዜ ትንሽ ነበረች፤ ግን አንድ ቀን አሳድረውብኝ አያውቁም፤ አላህ ይዘንላቸው።

የዚያ ቤት አፍ ጋሼ መኮንን ነበሩ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነው ኖረው ጡረታ ሲወጡ ሐጂ ለምነው ያመጧቸው ሰው ናቸው። ጉንጫቸው ውስጥ ቅርንፉድ አይጠፋም፤ ለጉሮሮ ነው ይላሉ። ወንበራቸውን አዙረው ነው የሚቀመጡት፤ ፊታቸው ወደ ሕዝቡ፣ ጎናቸው ወደ ፊልሙ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም ነበር። «ፊልሙ የትም አይሸሽም፤ የሚሸሸው ሰው ነው። አንቺ ሰው ሰው እዪ» አሉኝ። ለሁሉም አንድ ድምፅ ብቻ ነበራቸው። ሴት ስትናገር ድምፃቸውን አያቀጥኑም፤ ሲለቀስም አያለቅሱም። «ለቅሶው የሰዉ ነው፤ አስተርጓሚ ካለቀሰ ለሰዉ ምን ይተርፈዋል?» ይሉ ነበር። መሳሳም ሲመጣ ደግሞ ሳል ይይዛቸዋል። አጭር ከሆነ አጭር ሳል፣ ረጅም ከሆነ ረጅም ሳል። አንዴ ራሳ ከሚባለው ገጠር የመጡ ሽማግሌ በጣም ተጨንቀው «ኧረ እኚህ ሰው ሊሞቱ ነው፣ ውሃ ስጧቸው!» ብለው ተነሥተው ጮኹ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ይከለክሉ ነበር፤ ከተናጋሪው አፍ መቅደምን። «ዘሀራ፣ ፊልሙን መቶ ጊዜ አይተሽው ይሆናል። የተቀመጠው ሰው ግን ዛሬ ገና ነው የሚያየው። ሰውዬው እንደሚሞት አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሱ አያውቅም። እንዳታሳብቂ! ያለውን፣ ባለበት ሰዓት፣ እንዳለው። ከዚያ ወዲያ ያለው የአንቺ አይደለም።» ይህን ሲነግሩኝ ቅርንፉዱን ከአፋቸው ያወጡት ነበር፤ በዚያ ነው ነገሩ ጽኑ መሆኑን ያወቅሁት።

እኔ እስከ አሥረኛ ተምሬአለሁ። የቀረውን እንግሊዝኛ በር ላይ ቆሜ፣ አንዱን ፊልም ደጋግሜ እየሰማሁ፣ ያልገባኝን ጋሼ መኮንንን እየጠየቅሁ ነው የለቀምኩት። አንድ ቀን እሳቸው በወባ ወደቁ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሐጂ ከደጃቸው ሳይዞሩ «ዘሀራ፣ ግቢና አውሪላቸው» አሉኝ። «እንዴ ሐጂ! እኔ እኮ ሴት ነኝ!» ብላቸው «እንግሊዝኛው ወንድ ነው እንዴ?» አሉኝ። ገባሁ። ጢማሙ ወታደር አፉን ከፍቶ የእኔ ድምፅ ሲወጣ ሕዝቡ ተንከተከተ። ላብ አጠመቀኝ። ግን ወንበሬን እንደ ጋሼ መኮንን አዙሬ ፊት ፊታቸውን እያየሁ ቀጠልኩ፤ ከግማሽ በኋላ የሚስቅ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ማይኩን የተቀበለኝ የለም።

የገበያ ቀን ሲሆን ቴሌቪዥንና ጀነሬተር ጭነን ሰንበቴም አጣዬም እንወርድ ነበር። አጣዬ ላይ ድንኳኑን የሚያጨልመውን ጥቁር መጋረጃ የሰፋልን ይመር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ይመር ማለት እኛ ዘንድ የእስላሙም የክርስቲያኑም ስም ነው፤ የማን ወገን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም። ዋናው መንገድ ላይ በላጲስ የተጠረገ የመሰለች ንጹሕ ሱቅ ነበረችው። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ንግግሩ ትንሽ። ይመርን እንግዲህ ያዙልኝ።

ሐጂም አለፉ፣ ጋሼ መኮንንም አለፉ። በየቤቱ ዲሽ ገባና ቪዲዮ ቤቱ ባዶውን ቀረ። አግዳሚዎቹን ከወራሾቹ ገዝቼ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ከፈትኩ። መጀመሪያ ኳስ ብቻ ነበር የሚጫወቱት፤ ለኳስ ደግሞ አስተርጓሚ አያስፈልግም፣ ስድብ ይበቃል። ሥራዬ ወንበር ማከራየት ሆኖ ቀረ፤ እንደ ሐጂ። ኋላ ባለካባው መጣ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ባለካባው እንደ ኳሱ ተጫውታችሁ ወዲያው የምትነሡበት አይደለም። አንድ ሰው ይሰጣችኋል፤ ካባ የለበሰ፣ ሰይፍ የታጠቀ፣ አገር ላገር የሚዞር። መንገድ ላይ ሰው ያገኘዋል፣ ያናግረዋል፤ መልሱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በመረጣችሁት ወዳጅ ታፈራላችሁ፣ ወይም ጠላት ትገዛላችሁ። የደረሳችሁበትን ማሽኑ ይይዝላችኋል፤ ያንን ልጆቹ ሴቭ ይሉታል። ነገ መጥታችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ታሪኩ የወራት ነው። ነገር ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ጋ ነው እኔን የፈለጉኝ።

ፊልም ይሮጣል፤ ይህ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ምርጫው ሲመጣ እኔ «አንድ፣ እሺ በለው። ሁለት፣ ተቆጣው። ሦስት፣ ዝም ብለህ እለፍ» እላለሁ፤ ከዚያ ቤቱ ሸንጎ ይሆናል። «ኧረ ሽማግሌ ይላክ!» ይላል አንዱ። «ሽማግሌ የሚል የለም» እላለሁ። «እንዴት አይኖርም? ሁለት መንደር ተጣልቶ ሽማግሌ የማይላክበት አገር ምን ዓይነት አገር ነው?» ይላል ሌላው። ባለካባው ሰው ቤት ሲገባ ሰላም አይልም፤ ዘው ብሎ ገብቶ ማሰሮ ይከፍታል። ይህ ነገር ቤቱን በጣም አስቆጣው። ሰይድ የሚባል አፈኛ ባጃጅ ነጂ ደንበኛ ነበረኝ፤ መጫወቻውን ጆይስቲክ ወርውሮ «እንዲህ ካለ ባለጌ ጋር አልሄድም!» ብሎ ተነሣ። ምን ላድርግ? ሰላምታውን ከራሴ እጨምርለት ጀመር። በር በከፈተ ቁጥር «እንደምን ዋላችሁ፣ ቤቶች» እላለሁ፤ ሰይድም ይቀመጣል። ጋሼ መኮንን ቢሰሙ ይቆጡኝ ነበር።

ከዚያ አጣዬ ተቃጠለች። ስለዚያ ነገር ብዙ አላወራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት በሰው ሞላች፤ ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ሰው ሆነ። ይመርም ሚስቱን ወርቄን ይዞ መጣ። ሱቁ፣ ቤቱ፣ የሰው አደራ ልብስ፣ ሁሉም አመድ ሆኗል። አንድ ዘመዱ የስፌት መኪና አዋሰውና በረንዳዬ ላይ ቦታ ሰጠሁት። ወርቄ ቲማቲም በገበታ ይዛ መናኸሪያ ትቸረችራለች። እሱ የተቀደደ ሱሪ ይጥፋል። ድሮም ትንሽ ተናጋሪ ነው፤ አሁን ጭራሹን ዘጋው። «እህህ» እንኳ አይልም። አንጀቴን ነበር የሚበላኝ።

የሸዋ ሮቢት ቀትር መቼም ሰው አያስወጣም። ልብስ የሚያመጣ ሲጠፋ ይመር ቬንትሌተሩ ሥር ገብቶ ይቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል። አንድ ቀን ሰይድ «ጋሽ ይመር፣ እስቲ አንዴ ይያዙት» ብሎ ጆይስቲኩን ሰጠው። እንደ ትኩስ ድንች አገላበጠው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ሒሳብም አልጠየቅሁት።

ይመር እየተጫወተ አንዲት መንደር ደረሰ። እኛ «ወንዝ ዳር» ነበር የምንላት። በሯ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በዚያች መንደር ብዙ ትንንሽ ሥራ አለ፤ የጠፋች ፍየል መፈለግ፣ ጉድጓድ መጥረግ፣ የተሰበረ አጥር ማቆም። ሌሎቹ ይህን ሁሉ ዘለው ወደ ጦርነቱ ይሮጣሉ። ይመር አንድም አልዘለለ። የመንደሩን ሰው በስም በስሙ ያዘ። ገና ገብቶ ሳይቀመጥ «ዘሀራ፣ ሽማግሌው ዛሬ ምን አሉ?» ይለኛል። «አሉ» ነው የሚለው፤ አንቱ እያለ! ልጆቹም ተከትለውት ሽማግሌውን አንቱ ማለት ጀመሩ። ያ ዝጉ ሰው ከእኛ ጋር ማውራት ጀመረ፤ አጣዬ ላይ የማንን ሱፍ እንደሰፋ፣ የትኛው ሙሽራ ሱሪው እንደጠበበው እያነሣ ያስቀን ነበር።

ግን የጨዋታው ታሪክ የሚቀጥለው ባለካባው ከመንደሪቱ ሲወጣ ነው። ሽማግሌው «ሂድና ከንጉሡ ወታደር አምጣልን፤ እኛ እንጠብቃለን» ይሉታል። ይሄዳል። ሲመለስ መንደሪቱ ተቃጥላ ያገኛታል። ይህን የጨረሱት ሁሉ ያውቃሉ። ሰይድ ያውቃል። እኔማ ስንቴ አስተርጉሜዋለሁ!

ይመር እዚያ የደረሰ ቀን ሰይድ ዞሮ አየኝ። ሌሎቹም አዩኝ። እኔ ግን የተማርኩት አንድ ነው፤ ያለውን፣ ባለበት ሰዓት፣ እንዳለው። «‹ሂድ፣ እኛ እንጠብቃለን› ይላሉ» አልኩ። ይመር ሄደ። ወታደሩን ለምኖ፣ ፈረስ ተውሶ፣ እየሮጠ ተመለሰ። ከኮረብታው ማዶ ጭሱ ታየ። ይመር ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«እኛም አገር የሚያውቅ ሰው ነበረ» አለ። «ጠዋት ሱቄን ስከፍት አይቶኛል። ሰላም ብሎኝ አልፏል።»

ይህንን ብሎ ወጣ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከፋው ቀን ያ ነው። መብራት ማሽን አቃጥሎብኛል፣ ሌባ ገብቶብኛል፣ ጎርፍ አግዳሚ ወስዶብኛል፤ አንዱም እንዲህ አላደረገኝም። የጋሼ መኮንን ሕግ ለተመልካች የወጣ ሕግ ነበር። ይመር ተመልካች አልነበረም። እኔ ፊት ፊቱን እያየሁ፣ ሰው ሰው እያየሁ፣ ይህን ሳላይ ቀረሁ። ቤቴ ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ለብዙ ቀን በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሰፋ። ኋላ አንድ ቀትር ገባና «ከመሄዴ በፊት ያለው ሴቭ አለ?» አለኝ። አለ። ከፈትንለት። መንደሪቱ እንደ ድሮዋ ቆማለች፤ ፍየሎቹ አሉ፣ ሽማግሌው በሩ ላይ አሉ። ይመር ባለካባውን ከሽማግሌው አጠገብ አቁሞ፣ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ጋሽ ይመር፣ ካልሄዱ እኮ ታሪኩ አይቀጥልም» አለው ሰይድ።

«አይቀጥል።»

«ደግሞ ካልሄዱ ጠላት ራሱ አይመጣም! የሚመጣው ሲሄዱ ነው።»

«እኮ!» አለ ይመር። «እኔ እዚህ ካለሁ አይመጡም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመር በየቀትሩ እየገባ መንደሪቱ በር ላይ ይቆማል። አይዋጋም፣ አይንቀሳቀስም። ሽማግሌውን ያናግራል፣ አንድ ዙር ይዞራል፣ ተመልሶ ይቆማል። ልጆቹ «ዘበኛው» ይሉታል፤ ግን ቴሌቪዥኑን የሚሻማው አልነበረም። ወረፋ ሲረዝም እንኳ «የጋሽ ይመርን ተዉት» ይሉ ነበር። እንዲህ ያሉ ልጆች ናቸው፤ በአፋቸው አትፍረዱባቸው።

ወር በወር ላይ ሲደረብ ጨዋታውን የሚሠራው ስቱዲዮ ባለካባው ሁለትን እየሠራን ነው ብሎ አወጀ። ቤቱ ቀለጠ! ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ወሬ ማስተርጎም ሆነ። አንዲት ሥዕል ይለቃሉ፤ ልጆቹ ሥዕሏ ላይ ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ። ሰይድ ግመል ይኖራል ብሎ ምሏል፤ «በረሃ አሳይተው ግመል ካላመጡ ምን ሊጭኑበት ነው?» ይላል። አንዱ ባለካባው እናት እንዲኖረው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሰላምታ እንዲማር ነው የምጸልየው። ይወጣል ተብሎ ቀን ይቆረጣል፤ ቀኑ ሲደርስ «ለጥራቱ ስንል አራዘምነው» ይላሉ። ይህችን ስንቴ አስተረጎምኳት! በኋላ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ለጥራቱ ስንል!» ይልልኝ ነበር።

መሐል ላይ አንድ ወሬ መጣ። የድሮ ሴቭ ያለው ሰው ሁለተኛውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ያዳነው ሁሉ ሳይጠፋ ይቆየዋል። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ልጆቹ ከስልካቸው ነው ያመጡት። ይመር ይህንን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «እንግዲያው ወንዝ ዳር በሁለተኛው ትኖራለች» አለ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው ሁሉ ያንን መጠበቅ ሆነ።

ወርቄ አንድ ቀን ገበታዋን ደጄ ላይ አውርዳ ገባች። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «እትዬ ዘሀራ፣ ባሌን መልሽልኝ» አለችኝ።

«ምን አደረግሁት እኔ?»

«አጣዬ ሰው እየተመለሰ ነው። ጎረቤቶቻችን ግድግዳ አቁመው ጣራ እያለበሱ ነው። እንሂድ ስለው ‹ሁለተኛው ይውጣና› ይለኛል። ሱቃችን ይቀድማል ስለው ‹እነዚያን ሰዎች ጥዬ?› ይለኛል። የሌላው ባል ጌም ተጫውቶ ይገባል፤ የእኔው እኮ መጫወትም አይጫወት፣ ቆሞ ነው የሚውለው! ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» እንባዋ መጣ። «አንቺን ይሰማል። ንገሪው።»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

«እኔ እንጃ። የምታውቂውን።»

የማውቀው ግን አልነበረም። ሁለተኛውን የሚያውቁት ሠሪዎቹ ብቻ ናቸው። አንዴ ማወቄን ደብቄ ጎዳሁት፤ አሁን ደግሞ የማላውቀውን ምን ብዬ ልናገር? ወርቄን አቅፌ ሸኘኋት፤ ሌላ ምንም አላደረግሁላትም።

ብዙም ሳይቆይ የስቱዲዮው አለቃ ለተጫዋቾች ጥያቄ በቀጥታ ሊመልስ ነው ተባለ። ሰዓቱ በእኛ ከዐሥር በኋላ ሆነ። ልጆቹ ኢንተርኔት አዋጥተው ስልኩን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙ። ያን ቀን ጌም ቤቴ የሐጂን ቪዲዮ ቤት መሰለ፤ መስኮት ላይ ሁሉ ሰው ተሰቅሏል። ይመር ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ወርቄም ገበታዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

እኔ ወንበሬን አዙሬ ማይኬን ያዝኩ። አለቃው ወጣት ነው፣ ፊቱ ደግ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ስለ ግመል ተጠየቀ፤ «አለ» አለ። ሰይድ አግዳሚው ላይ ዘለለ። ስለ ቀኑ ተጠየቀ፤ ቤቱ «ለጥራቱ ስንል!» ብሎ ቀደመኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ። በሌላ አገር ያለ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ ወንዝ ዳር ያለችውን መንደር ጥለን አንሄድም ብለን የቆምን አለን፣ በሁለተኛው ምን እንሆናለን? ይህን ሳስተረጉም ይመር ወደ ፊት ተጎነበሰ። «ሌላም ሰው አለ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ሌላም ሰው ቆሟል።»

አለቃው መልሱን ተናገረ። ሰማሁት።

ማንም እንግሊዝኛውን አልያዘም፣ ፍጥነት ነበረው። «ገና አልወሰንንም ይላል» ብል የሚያጋልጠኝ የለም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ይመር እያየኝ ነው። ወርቄም ከበሩ እያየችኝ ነው። አንዱን ላስደስት ብዬ ሌላዋን ማታለል ሆነብኝ። ብዋሽለት እስከ መቼ ይቆም ነበር?

«መንደሪቱ በሁሉም ሰው ዘንድ ተቃጥላለች ይላል» አልኩ። «ሄዳችሁም ብትሆኑ፣ ቆማችሁም ብትሆኑ። በሁለተኛው የለችም። ቦታው ላይ ሣር በቅሏል ይላል።»

«ሣር?» አለ ይመር።

«ሣር ነው የሚለው።»

«ሰዎቹስ?»

ስክሪኑ ላይ ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ስለ ፈረስ ኮርቻ ነው። «ስለ ሰዎቹ አልተናገረም» አልኩት።

«ሣር ሰው ባለበት አይበቅልም» አለ ይመር፣ ለራሱ ነው የሚያወራው። «ሰው ይረግጠዋላ። ሲወጣ ሲገባ ይረግጠዋል።» ከዚያ ዞር ብሎ ወርቄን ፈለጋት። «ወርቄ፣ የእኛም ቦታ ላይ በቅሏል?»

«በቅሏል» አለች። «ባለፈው ሰሞን ሄጄ አይቼዋለሁ። ጉልበቴ ድረስ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ይመር ሰይድን «ያንን አጥፋና የእኔን አምጣልኝ» አለው። ያ ሁሉ ሰው ወሬ ሊሰማ የተሰበሰበበትን አለቃ ሰይድ ወዲያው ዘጋው፤ ማንም አላጉረመረመም። መንደሪቱ መጣች። ፍየሎቹ፣ አጥሩ፣ በሩ ላይ ሽማግሌው። ይመር ባለካባውን ፊታቸው አቆመ።

«ዘሀራ፣ ንገሪልኝ» አለ።

«ለማን?»

«ለእሳቸው።»

«ይመር፣ እሳቸው እኮ አይሰሙም። ሥዕል ናቸው።»

«የእሳቸውን ለእኔ ስትነግሪኝ ከርመሽ የለም? አሁን የእኔን ንገሪልኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከእነሱ ወደ እኛ ነው ያስተረጎምኩት። ከእኛ ወደ እነሱ ንገሪ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ወንበሬን አዞርኩ፤ ፊቴን ወደ ስክሪኑ፣ ጀርባዬን ለሕዝቡ። ማይኩን አፌ ላይ አደረግሁ።

«አባቴ» አለ ይመር፣ «እኔ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው።»

በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ነበር።

«ላድንዎት ብዬ ቆሜ ነበር። አልሆነልኝም። ያን ጊዜ የራሴንም ሰዎች እንዲሁ ሳልሰናበት ነው ሸሽቼ የወጣሁት። አንቱን ግን ሳልነግርዎት እንዳልሄድ ብዬ ነው። አውፍ ይበሉኝ።»

ይህንንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አውፍ ይበሉኝ ሲል ይቅር ይበሉኝ ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም። ከኋላዬ የሳቀ የለም። ሰይድ ኮፍያውን እንዳወለቀ በኋላ ነገሩኝ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ማይክ ይዤ፣ ሕዝብ ፊት፣ እየተንሰቀሰቅሁ።

ይመር ቁልፉን ተጫነ። ሽማግሌው ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ለማንም ሂያጅ የሚሉትን ያንኑ የስንብት ቃል ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«‹ሳይመሽ ሂድ፣ ልጄ› አሉ» አልኩት።

ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ተነሥቶ የወርቄን ገበታ ከእጇ ተቀበላትና ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ከበረንዳው ላይ ሁለቱ ተጋግዘው የስፌት መኪናውን ሲያነሡ ሰማሁ።